መቶ ስልሳ በመቶ

መጋቢት 14 ቀን 1979፣ ሰኞ

ይህን የምጽፈው በአሮጌ የግምጃ ቤት መዝገብ ጀርባ ላይ ነው። ከፊት በኩል ያለው የሳሙና ካርቶን ቁጥር ስለሆነ፣ የገለጠው ሰው ሁለተኛው ገጽ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚህ ዘመን የማስታወሻ ደብተር መያዝ የጤና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ለሰው የማልነግረው ነገር ገጠመኝ።

የሠራተኛው ዓመታዊ ምርመራ ነበር። የፋብሪካችን ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ዚነት ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ ነፋችው፣ አስተነፈሰችው፣ እንደገና ነፋችው። ሁለተኛ መንፋቷ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ "ጋሽ መዝገቡ፣ መቶ ስልሳ በመቶ ነው። ደም ብዛት አለብዎት" አለችኝ። ካርዱ ላይ 160/100 ብላ ጻፈች።

እኔ በዕቅድና ስታቲስቲክስ ክፍል አሥራ ሦስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬን የበላሁት "በመቶ" በሚባል ቃል ነው። ደሜ ከሚፈለገው በላይ ስልሳ እጅ አልፏል ማለት ነው። ፋብሪካው በታሪኩ አምጥቶት የማያውቀውን አፈጻጸም እኔ በደሜ አመጣሁት።

ቀለድኩ እንጂ አልሳቅኩም። አባቴ ከገበያ ሲመለስ የቤታችን ደጃፍ ላይ ነው የወደቀው። ቀኝ ጎኑ ደረቀ፣ አፉ ተጣመመ፣ በሦስተኛው ወር ቀበርነው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ በሐምሌ አርባ ስምንት ይሞላኛል።

ሲስተር ዚነት ነጭ ክኒን ሰጠችኝ፤ በየጠዋቱ አንድ። "ጨው ይቀንሱ፣ በሁለት ሳምንት ይመለሱ" አለች። "ደህና ከሆንኩስ?" አልኳት። "ደም ብዛት ሲሻልም ሲብስም አይናገርም ጋሼ፤ መለካት ብቻ ነው" አለችኝ። አነጋገሯ አልተመቸኝም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ጨው የሌለው ሽሮ በላሁ። ጭቃ ነው።

ባለቤቴ አማከለች "ሐኪሞቹ ምን አሉህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ኩላሊት ነው፣ ቀላል ነው አልኳት። ዋሸኋት። ደም ብዛት ብላት የአባቴን ነገር ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ መካኒሳ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ድንች ስትመዝን ውላ የምትመጣ ሴት ናት፤ ይሄን ደግሞ ለምን አሸክማታለሁ?

ማጅራቴን ይዞኛል። ከትራሱ ይሆናል።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ተመስገን! ወረደልኝ!

ሲስተር ዚነት ለካችኝና "መቶ ሰባ በመቶ አሥር" አለች። መጀመሪያ ደነገጥኩ። በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ለካ ታችኛው ቁጥር ሁልጊዜ መቶ አይደለም፤ እንደ ዕቅድ ይለዋወጣል። ላይኛው የተሠራው፣ ታችኛው የታቀደው መሆን አለበት። ቢሮዬ ገብቼ በማስያው አካፈልኩት፦ መቶ ሃምሳ አራት ነጥብ አምስት በመቶ። በሁለት ሳምንት አምስት ነጥብ አምስት ቀነስኩ ማለት ነው።

"የጤነኛ ሰው ስንት ነው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "መቶ ሃያ በሰማንያ" አለችኝ። እሱን ሳካፍለው ልክ መቶ ሃምሳ በመቶ መጣ። ጤነኛ ሰው ለምን መቶ በመቶ እንደማይሆን አልገባኝም። ሐኪሞችም ዕቅዳቸውን ዝቅ አድርገው ነው መሰለኝ የሚያወጡት። ብቻ አራት ነጥብ አምስት ነው የቀረኝ።

ልጅቷ ግን ፊቷን አልፈታችም። ክኒኑን ሁለት አደረገችው። ሲለኩ መኮሳተር የሙያው ነገር ይሆናል።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ በኃይሉ አስጠራኝ። በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው። ያኔ ነው ጆሮዬ መጮህ የጀመረው።

የዘጠኝ ወሩ ዕቅድ አርባ ስምንት ሺህ ካርቶን ነበር። የተመረተው ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ነው። ሰማንያ አንድ በመቶ።

"ይሄ ቁጥር ከዚህ ክፍል አይወጣም" አለ።

"ጓድ፣ የተመረተውን መጨመር አልችልም፤ ግምጃ ቤቱ ይቆጠራል።"

"ማን ጨምር አለህ? ዕቅዱን ከልሰው።"

ከለስኩት። ሠላሳ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አደረግኩት፣ መቶ አራት በመቶ ወጣ። አንድም ሳሙና ሳይጨመር! ታችኛውን ዝቅ ስታደርገው በመቶው ይወጣል፣ ከፍ ስታደርገው ይወርዳል። ይህን ዘዴ ለስንት አለቃ እንደሠራሁት ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። እስከዛሬ ግን እንዲህ ዓይን ባወጣ መጠን አልሠራሁትም።

የዋናው ዕቅድ ሦስተኛ ቅጂ እኔ ጋ ነው። በኃይሉ በገዛ እጁ በቀይ እስክሪብቶ "ይከለስ" ብሎበታል። ባቃጥለው፣ ነገሩ የተነሳ ቀን በራሱ ፈቃድ ነው የከለሰው እባላለሁ። ባስቀምጠው ደግሞ የሚያገኘው ሰው አያጣም። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበረው ሰዒድ ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ የወጣው ሰባት ዓመት ሆነው። ኮቱ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ማንም አላወረደውም፣ እኔም አላወረድኩትም። የእኔን የምሰቅለው ከጎኑ ነው።

ሚያዝያ 8፣ ጸሎተ ሐሙስ

በሩጫ ነው የምጽፈው። ዘበኛው ጋሽ ፈየራ በር ላይ ለሾፌሩ ሲያወራ ሰማሁ፦ "ከቁጥጥር ኮሚቴ ሰዎች ይመጣሉ አሉ። የዕቅድ ነገር ነው አሉ።" ሲያየኝ ዝም አለ። ለምን ዝም አለ?

ቅጂውን ከመሳቢያ አውጥቼ ኮቴ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። ስፌቴ እንደ ዶሮ ጭረት ነው።

ክኒን ዋጥኩ? አላስታውስም።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

ዶሮው ጨው ስላልነበረው እንግዶቹ እየተያዩ በሉ። ጎረቤታችን ተናኘ "ምነው አማከለች፣ ጾሙ አስረሳሽ እንዴ ጨው ማድረግ?" ብላ ሳቀች። አማከለች እኔን አየችኝ። ማታ "ኩላሊት እንዲህ ያደርጋል?" አለችኝ። ጮኽኩባት። በፋሲካ ቀን! ያፈርኩትን ማፈር ራሴ ነኝ የማውቀው።

ጆሮዬ ውስጥ የእህል ወፍጮ ተከፍቷል። ይነሳል፣ ይተኛል፣ አይጠፋም።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

180/120። ልክ መቶ ሃምሳ በመቶ። የጤነኛ ሰው! አንዲት ነጥብ አትበልጥ፣ አንዲት ነጥብ አታንስ።

ሳልወድ በግድ ፈገግ አልኩ። ሲስተር ዚነት "ጋሼ፣ ምን ያስቅዎታል?" አለችኝ። ከዚያ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጻፈችልኝ። "ዛሬ ይሂዱ፣ ነገ እንዳይሉ።" አሁን ይህችን ልጅ ምን ትሏታላችሁ? የታመምኩ ቀን ክኒን ሰጥታ አሰናበተችኝ፣ የዳንኩ ቀን ሆስፒታል ሂድ ትለኛለች።

ደግሞስ እንዴት እሄዳለሁ? ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ፈቃድ ይሞላል፣ በእሱ ወንበር ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ሌላው ሰው ፋይሉን ይገልጣል። ኮሚቴው በማንኛውም ቀን ይመጣል እየተባለ! ወረቀቱን አጥፌ እዚህ ገጽ መሃል አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ

የላብ አደሮች ቀን። ሰልፍ ወጣን። የፋብሪካችንን መፈክር ሁለት ሰው ነው የተሸከመው፤ በግራ በኩል ያለውን እንጨት ለእኔ ሰጡኝ። "ዕቅዳችንን 104% ፈጸምን" ይላል። የገዛ ውሸቴን በአደባባይ ተሸክሜ ሦስት ሰዓት ቆምኩ።

አደባባዩ መሃል አፍንጫዬ ነሰረኝ። ሸሚዜ ደም በደም ሆነ። አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን ልትሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ደም ሲወጣ ሳየው ቅልል አለኝ። ደም ብዛት አይደል? የበዛው ወጣ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ዛሬ በጣም ፈርቻለሁ።

190/130። አካፈልኩት፣ መቶ አርባ ስድስት በመቶ። ከጤነኛው በታች ወረድኩ። አላመንኩም፣ ሦስት ጊዜ አካፈልኩት። ማስያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በእጄም ሠራሁት። ያው ነው። ክኒኑና ነስሩ ተባብረው ከልክ በላይ ቀነሱኝ። ይሄ ደም ማነስ ነው። ለዚህ ነው ዓይኔ ላይ የሚጨልመኝ፣ ለዚህ ነው ቀኝ እጄ የሚደነዝዘኝ።

ሲስተር ዚነት ዛሬ ጮኸችብኝ። "በአላህ ይዤዎታለሁ! አባቴ ቢሆኑ ጎትቼ ነበር የምወስድዎት! ለሥራ አስኪያጁ እኔው ልንገርልዎት?" "አንቺ ልጅ፣ ተይኝ!" አልኳት። ለምንድን ነው ይህን ያህል ከወንበሬ ላይ ልታስነሳኝ የምትፈልገው? ማን ነግሯታል? በኃይሉ ይሆን? በቅጂው ላይ የጻፈው ትዝ ብሎት?

ደግ ልጅ ናት። እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል። ግን አሰብኩት።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ክኒኑን ከተውኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። ጨው መለስኩ። ትናንት ሥጋ ቤት ገብቼ ጉበት በላሁ፣ በጨው እየነከርኩ። ከወር በኋላ ምግብ ጣመኝ።

ስጽፍ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት። እንደገና ወደቀ። ደም ሲያንስ እንዲህ ነው፤ ጉበቱ ገና አልደረሰም።

ግንቦት 10፣ ሰኞ

መጡ።

ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጓድ አስረስ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው። ትሁት መሆኑ የባሰ አስፈራኝ። ወንበር ሰጠሁት። ኮቴ ከጭንቅላቱ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ዓይኔን ከስፌቱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ምናለ ለብሼው ብሆን!

"የዘጠኝ ወሩን አፈጻጸም አሳየኝ፣ ጓድ መዝገቡ" አለ። ሰጠሁት። ገለጠ። የመጨረሻውን መስመር አየ። ጣቱን መቶ አራት ላይ አሳረፈ። አሁን ታችኛውን ይጠይቃል አልኩ። ከየት መጣ ይላል፣ ዓምና ስንት ነበር ይላል።

"ደስ የሚል ነው" አለ። ዘጋው። ሻይ ጠጡ። የስታቲስቲክስ ክፍሉ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ቅዳሜ እንደምሸለም ነገረኝ፣ ጨበጠኝ፣ ወጡ።

ከወር በላይ የፈራሁት አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀኝ እጄ ሲጨብጠኝ አልተሰማኝም።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

አማከለች ሱሪዬን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የክሊኒኩን ካርድ አገኘች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ምስክር ወረቀቷ በፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሁንም ስታነብ ጣቷን ከፊደሉ ሥር ትጎትታለች። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከላይ ወደ ታች ጎተተች። "መቶ ስልሳ። መቶ ሰባ። መቶ ሰማንያ። መቶ ዘጠና።" ከዚያ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን፦ "መቶ። መቶ አሥር። መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ።" ቀና ብላ አየችኝ።

"ይሄ የኩላሊት ነው?"

"የደም ነው" አልኳት። ደክሞኝ ነበር፣ መዋሸት አልቻልኩም። "ደም ብዛት። ግን ወርዶልኛል።"

"የቱ ነው የወረደው? ሁለቱም ወጥተዋል እኮ።"

ሳቅሁባት። እርሳስ አንስቼ ስለ ማካፈል አስረዳኋት። የላይኛው ለታችኛው ሲካፈል ይሄን ያህል፣ ቀጥሎ ይሄን ያህል፣ ቀጥሎ ከጤነኛ በታች። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት።

"እሺ" አለች። "ሽንኩርትም ቢወደድ፣ ድንችም አብሮ ቢወደድ፣ አንተ ታካፍልና ገበያው ረከሰ ትላለህ?"

እርሳሱን አስቀመጥኩት።

ቁጥሮቹን ሳያቸው ቆየሁ፤ ሳላካፍል፣ እንዳሉ። አንዱም ወርዶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ጓድ አስረስ ታችኛውን ሳያይ መዝገቡን ሲዘጋ በልቤ ንቄው ነበር። ልጅቷ "ዛሬ ይሂዱ" ስትለኝ እኔ በማስያ እስቅ ነበር። በዚያ ላይ ጨው! በዚያ ላይ ክኒኑን መተው! ፈራሁ። እንደ ሕፃን ነው የፈራሁት፤ ጥርሴ ተንቀጠቀጠ፣ አማከለች ጋቢ አለበሰችኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች። ሌላ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

ወረቀቱን ይዤ ፈቃድ ልጠይቅ በኃይሉ ዘንድ ገባሁ። "ቅዳሜ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ። ስምህ ተጠርቶ ወንበርህ ባዶ ሲሆን ምን ልበላቸው? መዝገቡ የት ሄደ ሲሉኝስ? ሰኞ ትሄዳለህ" አለኝ።

"እሺ ጓድ" አልኩ። ማለት አልፈለግሁም ነበር። አፌ ለምዶት ራሱ አለው።

ክኒኑን ጀምሬያለሁ። ሁለት። ክሊኒኩ ዛሬ ዝግ ነው።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

አማከለች አታናግረኝም። ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ አድርጋለች። ተኩሳዋለች ግን አታናግረኝም።

ሁለት ቀን ነው እኮ የቀረው። ነገ፣ እሁድ፣ አለቀ። አባቴም ያን ቀን "ከገበያ መልስ እተኛለሁ" ብሎ ነበር የወጣው። ለምን አሁን ትዝ አለኝ?

ፊደሌ እየተንጋደደ ነው፣ ይታየኛል። የሆስፒታሉ ወረቀት እዚሁ ገጽ መሃል አለ። ሰኞ። ሰኞ በጠዋት።

ሰኔ 6 ቀን 1979፣ ቅዳሜ

እኔ አማከለች ነኝ። መዝገቡ ደብተሩን አሳይቶ ጻፊ አለኝ። በእጁ ነው ያለኝ። ፊደሌ ትልልቅ ነው።

ያን ቅዳሜ ስሙ ሲጠራ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ መቶ አራት በመቶ ብሎ አነበበ። ሰው አጨበጨበ። መዝገቡ ሁለት እርምጃ ሄደና ወደቀ። ጭብጨባው ወዲያው አልቆመም አሉኝ። ከኋላ የነበሩት አላዩም። ሲስተር ዚነት ናት ሮጣ ራሱን የያዘችው።

ሆስፒታል አሥራ ስምንት ቀን ተኛ። እኔ መሬት ላይ አደርኩ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙም። ንግግሩ ይደባለቃል። እኔ እሰማዋለሁ፣ ሌላ ሰው አይሰማውም። ሐኪሙ፣ በጊዜ ቢመጣ ኖሮ፣ አለ። ቀጥሎ ያለውን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ያን ዓርብ ባላኮርፈው ኖሮ እላለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ባስቀረው ኖሮ። ሸሚዝ ተኮስኩለት።

ጋሽ ፈየራ ኮቱን ከቢሮ አምጥቶልኛል። ሁለት ኮት ነው ያመጣው። አንዱ የማን ነው ብዬ ስጠይቀው የሰዒድ ነው፣ ሚስቱን አውቃታለሁ፣ እወስድላታለሁ አለኝ። የመዝገቡን ኮት ስፌት ፈታሁት። ወረቀት አለ። አርባ ስምንት ሺህ ይላል። በቀይ ይከለስ ይላል። ያሰረህ ይሄ ነው? አልኩት። አለቀሰ። ወረቀቱን ከምስክር ወረቀቴ ጀርባ ፍሬሙ ውስጥ አስገባሁት። የእሱን የሽልማት ወረቀት አልሰቀልኩም።

ሲስተር ዚነት ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ትለካዋለች። ዛሬ ከለካች በኋላ ፈገግ አለች። መምጣት ከጀመረች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው። እኔ ጻፍኩ።

ላይ መቶ ሃምሳ።
ታች ዘጠና አምስት።

መዝገቡ ቁጥሮቹን አየ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ በግራ እጁ ጣት አሳየኝ። አንድ። አምስት። ስምንት። መቶ ሃምሳ ስምንት ማለቱ ነው። ባሰብኝ ማለቱ ነው። የሚታዘዘው ግማሽ አፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩም።

ሁለቱም ወርደዋል። እኔ አላካፈልኩም።